ሰባቱን አውራዎች ምን ላድርጋቸው?

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ እንዲህ ይላሉ፦ «አምስት የሀበሻ ዶሮና አንድ አውራ አሉኝ። በነሐሴ ያስታቀፍኳቸው ሁለት ዶሮዎች መስቀል አካባቢ ፈለፈሉ። 11 ጫጩት አደገልኝ። ግን 7ቱ አውራ ሆኑብኝ። ቀኑን ሙሉ ሲነቋቆሩ ይውላሉ። ዶሮዎቹም እንቁላል ቀንሰዋል። እኔ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ በቆሎ እበትናለሁ፤ ምንም አላጎደልኩም። ጎረቤቴ ሹል ሹሉን እንቁላል ስላስታቀፍሽ ነው ትለኛለች። አውራዎቹን ምን ላድርጋቸው?»

እህቴ፣ «እንደ ድሮው አንድ ጣሳ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ድሮ በላተኞቹ ስድስት ነበሩ። ዛሬ 17 ናቸው። ጣሳው ግን ያው ጣሳ ነው። ጎረምሶቹ አውራዎች ተሻምተው ይለቅሙታል፣ ዶሮዎቹ ዳር ቆመው ያያሉ። የፈለፈሉት ሁለቱ ጫጩት ሲያሳድጉ ስለከረሙ እንቁላል ቢያቆሙም ወግ ነው። የሦስቱ ግን ረሃብ ነው ብዬ እገምታለሁ። በሽታ ቢሆን ኖሮ አንዷ እንኳ ስትኮራመት አይተው ይጽፉልኝ ነበር።

የሹል እንቁላሉን ነገር ይተዉት። ቅርጹ ስለ ጾታ ምንም አይናገርም። በአማካይ ግማሹ ወንድ ግማሹ ሴት ነው። ከ11 ጫጩት 7 አውራ መውጣቱም ዕድል እንጂ ጥፋት አይደለም። በሚቀጥለው 7ቱ ሴት ሊሆኑልዎ ይችላሉ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ የሚሸጠው ከሰባቱ አንዱ አይደለም፣ ትልቁ አውራ ነው። የገና በዓል ደርሷል፣ እሱም ሥጋ ይዟል። ለእርድ ያልደረሱትን እያወጡ ቢሸጡ ለ12 ብልት የማይበቃ ዶሮ ማን በደህና ዋጋ ይገዛዎታል? ደግሞ ትልቁ አውራ ለአራቱ ቄቦች፣ ለሴቶቹ ጫጩቶች፣ አባታቸው ነው፤ ከርሞ ከልጆቹ ጋር መዳቀሉ ለዘርዎ አይበጅም። አውራ ከሌለ እንቁላል ይቀራል ብለው አይስጉ። ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች። አይፈለፈልም እንጂ ለመብል ያው ነው።

ከአውራው ዋጋ ላይ ትንሽ ቆንጥረው ለሰባቱ ጎረምሶች ለብቻቸው ማደሪያ ይሥሩ። ሦስት ክንድ በአራት ክንድ ይበቃል። የባሕር ዛፍ አጣና፣ ሸንበቆ፣ ከላይ ዝናብ የሚመልስ የቆርቆሮ ቁራጭ። ውስጡ ቆጥ ይኑረው። ዋናው ነገር ዶሮዎቹን ከማያዩበት ከቤቱ ጀርባ ይሁን፤ ሴት ካላዩ ጠባቸው ይቀንሳል። ሰባቱንም በአንድ ቀን ያስገቧቸው። ዘግይቶ የገባውን እንደ እንግዳ ቆጥረው ይደበድቡታል።

ጠዋት ያችን አንድ ጣሳ በቆሎ ዶሮዎቹና አራቱ ቄቦች ብቻቸውን ይብሏት። ጎረምሶቹ እስከዚያ ውስጥ ሆነው ግርድና የጎመን ቅጠል ይልቀሙ፤ ውኃ ግን አይጓደልባቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይልቀቋቸው። አብዛኛው እንቁላል በዚያን ሰዓት ተጥሎ አልቋል። እስኪመሽ ትሉንም አንበጣውንም ራሳቸው ፈልገው ይበላሉ፣ እርስዎ ምንም አያወጡም። እውነተኛው ወጪ የሚመጣው በመጨረሻው አንድ ወር፣ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ነው። ያኔ ሦስት ጣሳ የበቆሎ ሽርክት ላይ አንድ ጣሳ የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን ኑግ፣ ቀላቅለው ማታ ማታ፣ ከግቢው ሲመለሱ ይስጧቸው። በቆሎው ያደልባል፣ ፋጉሎው ሥጋ ይሠራል። በቆሎ ብቻ ከሰጡ ስብ ነው የሚያተርፉት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መስቀል የተፈለፈለ የሀበሻ አውራ በሚያዝያ ሰባት ወር ገደማ ይሆነዋል፤ ልክ ለፋሲካ። በመሃል የዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ፣ ከመጨረሻው ሳምንት በቀር በእሱ ውስጥ አውራ አቅፈው ገበያ ቢወጡ ዞር ብሎ የሚጠይቅዎ አያገኙም። ስለዚህ አይቸኩሉ።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ብዙ ቤት ስሄድ የማየው ነገር አለ። በዓል ሲመጣ ፈርጠም ያለው፣ ቀዩ፣ ባለ ድርቡ አውራ ቀድሞ ይሸጣል። ማንም ያልገዛው ኮስማና ለዘር ይቀራል። ከዚያ «የሀበሻ ዶሮ ድሮ ትልቅ ነበር፣ አሁን ዘሩ አነሰ» ይባላል። ማን አሳነሰው? ከመሸጥዎ በፊት ከሰባቱ ምርጡን ይለዩና እግሩ ላይ ቀይ ክር ይሰሩበት። እሱም ቢሆን ለእርስዎ ቄቦች ወንድማቸው ነው። ከወንዝ ማዶ ካለ ዘመድ ጥሩ አውራ ጋር ይለዋወጡት። የመጣውን እንግዳ ሁለት ሳምንት ለብቻው ያቆዩት፤ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚገባው በእንግዳ ዶሮ ነው። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የፈንግል ክትባት ሲያመጣም ሁሉንም ያስከትቡ፣ ጎረምሶቹን ሳይቀር። «የሚታረድ ነው» ተብሎ የተዘለለ ዶሮ ነው በሽታውን ይዞ ለሌላው የሚያካፍለው።

ለሽያጭ ከሆሳዕና ማግስት ያሉት የገበያ ቀናት ይመቻሉ። እስከ ቅዳሜ ሹር ከጠበቁ ገዢው ገዝቶ ጨርሷል፣ እርስዎም ይዘው ላለመመለስ በወረደ ዋጋ ይሰጣሉ። የቤቱ ልጆች አውራዎቹን አስረው ሲያዘጋጁ ግን ባለ ክሩን አብረው እንዳይወስዱት ቀድመው ይንገሯቸው።