ቦሌና ደለስ፦ መንገዱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ይህን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጠርኩትም። የበረራ ዕቅድ ሳወጣ ነው ያረጀሁት። ነዳጁን፣ ነፋሱንና ክብደቱን ስናሰላ ማለት ነው። ዘንድሮ ለትምህርትም ለሥራም ለምትወጡ ልጆች ትንሽ ልንገራችሁ።

ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትልልቆቹ ጄቶች በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። ብታካፍሉት 13 ሰዓት ግድም ይመጣል። ከደለስ፣ ማለትም ከዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ቦሌ ስትመጡ እውነትም እንደዚያ ነው። ስትሄዱ ግን 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል። መንገዱ አልረዘመም፤ ምክንያቱ ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ክንፉም ቆላ ላይ እንደሚሠሩት አይሠሩም፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ዕቃ ሞልቶ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ነዳጁን ቀንሶ ይነሳና እንደ ሮም ወይም ደብሊን ያለ ቦታ ወርዶ ይቀዳል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ሞልቶ ይነሳል። አትላንቲክ ላይ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ስትመጡ ይገፋችኋል፣ ስትሄዱ ከፊት ይይዛችኋል።

እና ርቀት አይታችሁ ሰዓት አትገምቱ። ደለስ ወርዳችሁ ሌላ አውሮፕላን የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ኢሚግሬሽን አለ፣ ሻንጣ ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ አለ። እኔ ብሆን በመሃል ከአራት ሰዓት በታች ያለው ትኬት አልቆርጥም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የሰዓት አቆጣጠር ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ ታላቅ እህቴ «ልጄ ስንት ሰዓት ይደርሳል?» ብላ ደወለችልኝ። በቢሮ ልማድ «በሰባት» አልኳት። እኔ በፈረንጅ መናገሬ ነበር፣ በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት። እሷ ምሳዋን በልታ ሰባት ሰዓት ላይ መጣች። ልጁ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ፊቱን እስካሁን አልረሳሁትም።

በበጋቸው ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በክረምታቸው 8። በበጋ ሰኞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከደለስ ብትነሱ፣ 13 በረራውን፣ 7 ልዩነቱን ደምሩ፤ ቦሌ የምትደርሱት ማክሰኞ ጠዋት በእኛ 1 ሰዓት ነው። ለሚቀበላችሁ ሰው ልክ እንደዚህ ቀኑንም «በእኛ» የሚለውንም ጨምራችሁ ጻፉለት። ትኬታችሁ ላይ ማክሰኞ 00:40 የሚል ካያችሁ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለት ነው፣ ከቤት የምትወጡት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ከነቤተሰባቸው ተሸኝተው መጥተው፣ አውሮፕላኑ ትናንት ሄዷል ሲባሉ ያየኋቸው ልጆች ብዙ ናቸው።