ድሪፍት ጎማ ማቃጠል ብቻ ነው ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ያነበብኩት ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። እስከ ማታ ከጭንቅላቴ አልወጣም። "ድሪፍት ምኑ ነው የሚያስደስተው? ጎማ ማቃጠልና ነዳጅ ማባከን አይደለም ወይ? ችሎታ አለው የምትሉ አስረዱኝ" ነበር ያልከው። እኔ ሲያትል ነው የምኖረው። ከከተማው ወጣ ብላ ሞንሮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ባለው ኤቨርግሪን ስፒድዌይ በሚባለው የመኪና ውድድር ሜዳ ስድስት ዓመት ድሪፍት ነድቻለሁ፤ መኪናን ሆን ብሎ በጎኑ እያንሸራተቱ መንዳት ማለት ነው። ፕሮፌሽናል አይደለሁም። ለልምምድ ቀን ከፍለው ከሚገቡት አንዱ ነኝ። ግን ይህን ነገር ከልቤ ስለምወደው ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ከምታውቀው ልነሳ። ክረምት ላይ በጭቃ መንገድ ነድተህ ታውቅ ይሆናል። ካልሆነም ሹፌር አጠገብ ተቀምጠህ አይተሃል። የመኪናው ኋላ ሳይታሰብ ወደ ጎን ይሄዳል። ሹፌሩ መሪውን ቶሎ ኋላው ወደሄደበት በኩል ያዞራል። መኪናው ይስተካከልና ሁሉም እፎይ ይላል። አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ ላዳ ታክሲ ነበረው፣ ሰማያዊና ነጭ። ላዳን የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው። ዝናብ ሲጥል ኩርባ ላይ ኋላዋ ይሸሽ ነበር። አጎቴ አይደነግጥም። "ፍሬን አትንካ፣ ወደምትሄድበት እይ፣ መሪውን ስጣት" ይለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሞንሮ ላይ የመጀመሪያው አስተማሪዬ የነገረኝ ይህንኑ ነው።

ልዩነቱ አንድ ነው። አጎቴ የሚፈልገው መንሸራተቱ እንዲያበቃለት ነው። ድሪፍት የሚነዳ ሰው ግን መንሸራተቱን ራሱ ያመጣዋል። ካመጣው በኋላ እንዳያልቅም፣ እንዳይብስም አድርጎ ይዞት ይሄዳል። ከልክ ካለፈ መኪናው ይዞርና ፊቱን ወደ መጣበት ያደርጋል። ካነሰ ጎማው መሬቱን ይይዝና መኪናው ይቃናል። በሁለቱ መካከል ያለችው ቦታ በጣም ጠባብ ናት። ችሎታው እዚያች ውስጥ መቆየት ነው።

አሠራሩን ላስረዳህ። አንድ ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም ልክ አለው። ያንን አቅም ወይ መኪናውን ወደ ፊት ለመግፋት፣ ወይ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ለመያዝ ያውለዋል። በአንዱ ላይ ከጨረሰው ለሌላው አይተርፈውም። ስለዚህ ኩርባ ውስጥ የኋላ ጎማዎቹን በኃይል ካሽከረከርካቸው፣ ወደ ጎን የሚይዙበት አቅም ያልቅና ኋላው ይወጣል። ለዚህ ነው የድሪፍት መኪና ዲፈረንሻል፣ ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል፣ የሚቆለፈው፤ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል መሽከርከር አለባቸው።

ኋላውን የምታስወጣበት መንገድ ብዙ ነው። የእጅ ፍሬን መሳብ ቀላሉ ነው። ፍሪሲዮን ለቅጽበት ረግጦ፣ ሞተሩ ሲጮህ ድንገት መልቀቅም አለ። ጉልበቱ ለጎማው እንደ ምት ይደርሰዋል። እኔ የምወደው ግን ሌላውን ነው። ኩርባው ወደ ቀኝ ከሆነ መጀመሪያ መኪናውን ወደ ግራ ትወረውረዋለህ። ክብደቱ በአንድ ጎን ይተኛል። ከዚያ ወደ ቀኝ ስትመልሰው ያ ሁሉ ክብደት እንደ ዥዋዥዌ ተመልሶ ኋላውን ይዞት ይሄዳል። ይህ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፤ ሰዓቱን ማወቅ ነው። የኔ መኪና አሮጌ ቢኤምደብሊው ኢ36 ናት። ዛሬ በትልልቅ ውድድር የሚሮጡት ብዙዎቹ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ናቸው፤ የኔዋ 190 ገደማ ናት። ለመማር ግን ከበቂ በላይ ነች።

መኪና ማንሸራተትን በአንድ ከሰዓት ትማረዋለህ። ዓመታት የሚበላው ማቆየቱ ነው። እኔን በጣም የከበደኝ መሪውን መልቀቅ ነበር። አዎ፣ መልቀቅ። የፊት ጎማዎች አገጣጠም ዘንበል ያለ ስለሆነ፣ ጎማዎቹ ሁልጊዜ መኪናው ወደሚሄድበት መዞር ይፈልጋሉ። ኋላው ሲወጣ መሪውን ብትለቀው በራሱ ይሽከረከራል፣ አንተ ከምታዞረው በላይ ፈጥኖ። ያንተ ሥራ በመዳፍህ ውስጥ ሲያልፍ ዝም ብለህ መጠበቅና ቦታው ላይ ሲደርስ መያዝ ነው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ የተማርነው ግን መሪን አጥብቆ መያዝ ነው። ለዓመታት የለመደ እጅ በአንድ ቀን አይፈታም። እኔ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ስምንት ቁጥር ስሠራ መሪው በራሱ ዞረ። ያዝኩት። መኪናዋ በጎኗ እየሄደች ረጋች። ሞተሩ እየጮኸ ነበር፣ ለእኔ ግን ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ መሰለኝ። ምኑ ያስደስታል ላልከኝ መልሴ ያ ቅጽበት ነው። ዛሬም ስድስት ዓመት አልፎት የምሄደው እሱን ፍለጋ ነው።

ከዚያ በኋላ መኪናውን የምትመራው በእግርህ ነው። ነዳጅ ስትጨምር ኋላው የበለጠ ይወጣል። ስትቀንስ ይሰበሰባል። ዓይንህ ደግሞ ከፊት መስታወት ይልቅ በጎን መስኮት በኩል ነው የሚያየው፤ የምትሄደው ወደዚያ ነውና። ግድግዳውን ካየህ ወደ ግድግዳው ትሄዳለህ። ይህን በተግባር አይቼዋለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ የቀኝ ኩርባ ውስጥ ከሚገባው በላይ ፈጥኜ ገባሁ። ፈራሁና ነዳጁን ባንድ ጊዜ ለቀቅኩት። የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ያዙ። የፊት ጎማዎቹ በዚያ ሰዓት ወደ ውጭ፣ ወደ ግራ ነበር የዞሩት። መኪናዋ ወደዚያው ተወረወረችና ግድግዳውን መታች። እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ሄልሜትም ቀበቶም በሥርዓቱ ነበረኝ። የግራ ፊቷን ለማስተካከል ግን ሁለት ወር ጋራዥ ቆማለች። ያን ቀን ሰውነቴ የተማረው ነገር አይረሳም፦ ፍርሃት ሲመጣ እግር ባለበት መቆየት አለበት።

አመጣጡን በአጭሩ ልንገርህ፣ ደስ ስለሚል። ኩኒሚትሱ ታካሃሺ የሚባል ጃፓናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በሞተር ሳይክል የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ እሱ ነው። በኋላ ወደ መኪና ውድድር ዞረና በ1970ዎቹ ኩርባ ውስጥ እያንሸራተተ መግባትን መለያው አደረገው። ተመልካች ያብድለት ነበር። እሱን እያየ ያደገው ኬይቺ ሱቺያ ይህንኑ በተራራ መንገዶች ላይ ተለማመደ። መኪናው ቶዮታ ኤኢ86 ነበረች። የኮሮላ ቤተሰብ ናት! 1.6 ሊትር ሞተር፣ የኋላ ጎማ ግፊት፣ ከአንድ ቶን የማትበልጥ። ጉልበቷ ትንሽ ስለነበር ፍጥነቱን ኩርባ ውስጥ እንዳያባክን በክብደት መጫወት ግዴታው ነበር። ሰዎች "የድሪፍት ንጉሥ" የሚሉት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዲ ዋን ግራንድ ፕሪ የሚባለው ተከታታይ ውድድር ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነበር። ድሪፍት ለትርኢት እንጂ ለነጂ ችሎታ አይደለም ለሚል ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የምነግረው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1995 በፈረንሳይ የ24 ሰዓቱ የለ ማን ውድድር ላይ ታካሃሺ፣ ሱቺያና አኪራ ኢዳ በአንዲት ሆንዳ ኤንኤስኤክስ እየተፈራረቁ ነድተው በምድባቸው አንደኛ ወጥተዋል። እያየው ካደገው ሰው ጋር አንድ መኪና ውስጥ!

በድሪፍት ውድድር ላይ የሚለካው ሰዓት አይደለም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። በሌላው የመኪና ውድድር ማን እንደፈጠነ የሚነግርህ ሰሌዳው ነው። ድሪፍት ላይ ግን አንተ ራስህ ታየዋለህ። በአሜሪካው ፎርሙላ ድሪፍት ሦስት ዳኞች አሉ፤ በማጣሪያው የሚያዩት መስመር፣ አንግልና ስታይል ነው። መኪናው በተባለው ቦታ አለፈ ወይ? ምን ያህል በጎኑ ተኛ? ሳይንቀጠቀጥና ሳያመነታ ነው ወይ የገባው? በጃፓኑ ዲ ዋን ደግሞ መኪናው ላይ በሚገጠም መሣሪያ ፍጥነቱና አንግሉ ይለካል። እኔ በሰው ዓይን የሚዳኘውን እመርጣለሁ፣ ክርክሩም የስፖርቱ አካል ነው።

ከማጣሪያው በኋላ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ለአንድ ይገጥማሉ። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። የሚመራው ሹፌር መስመሩን በትክክል መሥራት አለበት። ተከታዩ ደግሞ በእሱው አንግል፣ በተቻለ መጠን ተጠግቶ፣ ሳይነካው መሄድ አለበት። አስበው። ሁለቱም በጎናቸው ናቸው። የፊተኛው ጭስ የኋለኛውን መስታወት ይሸፍነዋል። ፍጥነት መቀነስ ቢፈልግ ነዳጁን መልቀቅ አይችልም፣ መኪናው ይቃናበታል። ስለዚህ በቀኝ እግሩ ነዳጅ እየሰጠ በግራ እግሩ ፍሬን ይይዛል፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው እስክስታ ሲወርዱ አይተሃል? አንዱ ትከሻውን ሲጀምር ሌላው ከትንፋሹ ይገባዋል። ልክ እንደዚያ ነው።

ከእኔ ጋር የሚነዳ አንድ ሜክሲኳዊ ጓደኛ አለኝ። መጀመሪያ ላይ በሦስት መኪና ርቀት ነበር የምከተለው። ከመነሳታችን በፊት የት እንደምንቀንስ፣ የት እንደምንቀይር ቆመን እንነጋገራለን። አሁን በሩን አንድ ሜትር አካባቢ እጠጋዋለሁ። እዚህ ለመድረስ ሁለት ዓመት ወስዶብናል። እሱ ካልተነጋገርንበት ቦታ ላይ ፍሬን እንደማይዝ አውቃለሁ። እሱም እኔ እንደማልደነግጥ ያውቃል። እንዲህ ያለ መተማመን ከሥራ ባልደረባ ጋር እንኳን ቶሎ አይገኝም።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ገልፍ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች "ሀጅዋላ" የሚባለውን ታውቁታላችሁ። የሕዝብ መንገድ ላይ፣ ትራፊክ መሃል፣ በተራ የቤት መኪና የሚደረግ ማንሸራተት ነው። ስንት ወጣት በዚህ አልቋል። እኔ የማወራው ስለዚያ አይደለም። እዚያው ገልፍ ውስጥ፣ ኤምሬትስ ፉጃይራ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ማሳቶ ካዋባታ የሚባል ጃፓናዊ በኒሳን ጂቲ-አር በሰዓት 304.96 ኪሎ ሜትር እየበረረ በ30 ዲግሪ ተንሸራቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጊነስ መዝግቦታል። ያ የተደረገው ለሙከራው በተዘጋጀ ሜዳ ላይ፣ የሰው መኪና በሌለበት ነው። አዲስ አበባ ሆነህ ይህን አንብበህ ሌሊት አደባባይ ላይ ልሞክር ካልክ፣ እባክህ ይቅርብህ። እዚያ የሚያልፈው ሰው ምንም አላጠፋም።

ጎማ ይቃጠላል ያልከውን አልክድህም። በደረቅ ቀን አራት የኋላ ጎማ እጨርሳለሁ። ለዚህ ነው ለጀማሪ ሁሉ ዝናብ ጠብቅ የምለው። እርጥብ አስፋልት ላይ በዝቅተኛ ፍጥነት ትንሸራተታለህ፣ ስህተትህ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ አንድ ጥንድ ያገለገለ ጎማ ቀኑን ሙሉ ያደርስሃል። የሲያትል ዝናብ ለዚህ ተብሎ የተሰጠ ነው። በመጀመሪያ ኮን፣ ያን ሾጣጣ የመንገድ ምልክት፣ አስቀምጠህ በዙሪያው ክብ ትሠራለህ። ቀጥሎ ስምንት ቁጥር። ስምንት ቁጥሩን በሁለቱም በኩል ሳትቆራርጥ አሥር ጊዜ ሳትሠራ ወደ ኩርባ አትሂድ። ውድ መኪናም አያስፈልግህም። ሩሲያ ውስጥ ስንቱ ወጣት በረዶ ላይ የሚማረው በዚያችው በአጎቴ ላዳ ዓይነት ነው።

ማየት ብቻ ከፈለግክ ደግሞ አየርላንዳዊው ጄምስ ዲን ፎርሙላ ድሪፍትን ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019፣ ሲያሸንፍ የነዳውን ፈልግ። ከፖላንዳዊው የቡድን ጓደኛው ፒዮትር ቪየንትሴክ ጋር ተመሳሳይ ኒሳን ሲልቪያ ኤስ15 ነበራቸው። ሁለቱ አብረው ሲገቡ ጭሱን ተወውና የኋለኛውን መኪና የፊት ጎማ ብቻ ተከተል። ምን ያህል ትንሽ እንደሚንቀሳቀስ ታያለህ።

ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ ደግሞ በውስጥ ጻፉልኝ። ትርፍ ሄልሜት አለኝ፣ የተሳፋሪ ወንበሩም ባዶ ነው። ከመጣችሁ ዝናብ ያለበት ቅዳሜ ይሁን፣ የማትፈልጉትን ጫማ አድርጉ፣ ቁርስ ግን ቀለል አድርጉት።