8 መርከብ ብቻ ያሰጠመችው ዩ 505 ለምን ሙዚየም ገባች?

ወንድሜ፣ «8 መርከብ ብቻ ያሰጠመች የጀርመን ሰርጓጅ ምን አድርጋ ነው ቺካጎ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠችው? ስመጣ ልያት ወይስ ልተዋት?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የምኖረው እዚሁ ቺካጎ ነው፤ እንግዳ ሲመጣብኝ ይዤው የምሄደው እሷ ዘንድ ነው። እያት። ግን ባሰጠመችው መርከብ ብዛት አትለካት።

ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጆቹ ናቸው። ዩ 505 ሀምቡርግ ተሠርታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941 አገልግሎት ጀመረች። ከ8ቱ መርከቦች 7ቱ የሰመጡት በመጀመሪያው አዛዥ በአክሰል ሎቨ ጊዜ ነው። እሱን ትርፍ አንጀት ሲያመው ፔተር ቼክ ተተካ። መከራዋም ጀመረ።

ኅዳር 1942 ትሪኒዳድ አካባቢ የእንግሊዝ አውሮፕላን ደረሰባት። በጣም ዝቅ ብሎ ስለጣለው የቦምቡ ፍንዳታ ራሱን አውሮፕላኑንም በላው። አዛዡ «መርከቧን ልቀቁ» አለ። ቴክኒሻኖቹ ግን እናድናታለን ብለው ድርቅ አሉ፤ ጠጋግነው ፈረንሳይ ሎሪዮን አስገቧት። እዚያ ከታደሰች በኋላም አልቀናትም። የፈረንሳይ ሠራተኞች ሆን ብለው ያበላሿት ስለነበር ወጣ እያለች ትመለሳለች። ጥቅምት 1943 በጥልቅ ውሃ ቦምብ ስትደበደብ ቼክ ሠራተኞቹ ፊት ራሱን በሽጉጥ ገደለ። ምክትሉ ፓውል ማየር ወዲያው ትእዛዙን ተረክቦ ሁሉንም በሰላም ወደብ አደረሳቸው። ለእኔ የዚህች መርከብ ትልቁ ጀርመናዊ እሱ ነው፤ ስሙ ግን ብዙም አይነሳም።

ዝነኛ ያደረጋት ሰኔ 4፣ 1944 ነው። የአሜሪካው ካፒቴን ዳንኤል ጋለሪ አንዷን ሰርጓጅ ሳትሰምጥ ለመማረክ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ አገኟትና ደበደቧት። ጀርመኖቹ ውሃ አስገብተውባት ባሕር ውስጥ ዘለሉ። እሷ ሞተሯ እየሠራ፣ ሰው ሳይኖርባት በባሕሩ ላይ ክብ ትዞራለች። ሌተናንት አልበርት ዴቪድ ጥቂት ሰዎች ይዞ በጠባቡ መግቢያ ወረደ። ፈንጂ ተጠምዶ ይሁን፣ ውስጥ የሚጠብቃቸው ሰው ይኑር፣ አያውቁም። ዜነን ሉኮሲየስ የሚባል መርከበኛ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ አየ። ክዳኑ ደግሞ እዚያው ወድቋል። አንስቶ ገጠመው፤ ውሃው ቆመ። በቃ፣ መርከቧ የተረፈችው በዚህ ነው። እዚያ ክፍል ስትቆም ጠባብነቱ ይገባሃል፤ ሁለት ሰው መተላለፍ ይቸግረዋል።

ውስጧ ኢኒግማ የሚባለው ጀርመኖች መልእክታቸውን ወደ ምስጢር ጽሑፍ የሚቀይሩበት መሣሪያና የምስጢር ኮድ መጻሕፍት ተገኙ። ጀርመን ከሰማ ኮዱን ይቀይራል። ስለዚህ ቤርሙዳ ድረስ በድብቅ ጎተቷት፤ ምርኮኞቹንም ሉዊዚያና ውስጥ ለብቻቸው አስቀመጧቸው። ጀርመን መስመጧን እንጂ መማረኳን አላወቀም። ዴቪድ የአገሪቱን ከፍተኛ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ግን ሳይቀበለው በ1945 ስለሞተ ሚስቱ ተቀበለችለት። ይሄ ሁሌ ያሳዝነኛል።

ሙዚየሙ የገባችው በ1954 ነው። እስከ 2004 ድረስ ደጅ ዝናብና በረዶ ሲፈራረቅባት ኖራለች፤ አሁን ከመሬት በታች በተሠራላት አዳራሽ ውስጥ ናት። ከውጭ ብቻ አይተህ እንዳትመለስ። ውስጧን በአስጎብኚ ለማየት ለብቻው ትኬት ያስፈልጋል፤ ቀድመህ ቁረጥ። ቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) የሚተኮስበት ክፍል ጋ ስትደርስ አልጋዎቹን ልብ ብለህ እያቸው፤ ሰዎቹ ከቶርፔዶ ጎን ነበር የሚተኙት። አስጎብኚው ስለ ማየር ካላነሳ ደግሞ አንተ ጠይቀው።