በሁለት እጅ የሚሰጥ ስም

ጥያቄ፦ ቡና ላኪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ገዢ ፍለጋ ቶኪዮ ሄጄ ከአንድ ድርጅት ኃላፊዎች ጋር ተገናኝቼ ነበር። ሦስቱም ብድግ ብለው ቢዝነስ ካርዳቸውን በሁለት እጃቸው ሲሰጡኝ፣ እኔ እንደተቀመጥኩ በአንድ እጄ ተቀብዬ ሳላነበው የኋላ ኪሴ ከተትኩት። የእኔን ካርድ ግን ስብሰባው እስኪያልቅ ከፊታቸው አላነሱትም። ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል። በቅርቡ ተመልሼ ስለምሄድ ምን ብጠነቀቅ ይሻላል?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የከነከነዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ጃፓኖች «ሜይሺ» የሚሉት ይህ ካርድ ባለቤቱን ወክሎ እንደሚቆም ስለሚታይ፣ የኋላ ኪስ ከትቶ በላዩ መቀመጥ ሰውየውን እንደመናቅ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ሥርዓቱን የማያውቅ የውጭ እንግዳን በአብዛኛው ስለሚታገሡ፣ ግንኙነታችን ተበላሸ ብለው አይዘኑ።

ደግሞም ግማሹን ሥርዓት ከቤትዎ ይዘውት አድገዋል። ለትልቅ ሰው ብድግ ማለት፣ የሚሰጡንን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጅ መቀበል የእኛም ወግ ነው። እዚያም ከመቀመጥዎ በፊት፣ ጠረጴዛው በመካከል ሳይኖር ፊት ለፊት ቆመው፣ ጽሑፉን ወደ ተቀባዩ አዙረው፣ የድርጅትዎንና የራስዎን ስም እየተናገሩ ይስጡ፤ እንግዳ ስለሆኑ ቀድመው ቢሰጡ መልካም ነው፤ የሚጀመረውም ከበላይ ኃላፊው ነው። የእነርሱን ሲቀበሉ ጣትዎ ስማቸውን እንዳይሸፍን ተጠንቅቀው ረጋ ብለው ያንብቡት፤ አጠራሩን መጠየቅም ነውር የለውም። ሲቀመጡ ካርዶቹን በሰዎቹ አቀማመጥ ቅደም ተከተል ከፊትዎ ይደርድሯቸው። እነርሱ እያዩ በካርዱ ላይ ማስታወሻ አይጻፉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የስማችን ነገር ነው። ጃፓኖች በሥራ ቦታ ሰውን የሚጠሩት በቤተሰብ ስሙ ላይ «ሳን» ጨምረው ነው። የእኛ ካርድ ላይ መጨረሻ የሚጻፈው የአባት ወይም የአያት ስም በመሆኑ፣ እርሱን የቤተሰብ ስም ነው ብለው ይወስዱትና እርስዎ ፊታቸው ተቀምጠው አባትዎን ሲጠሩ ይውላሉ። ስለዚህ የራስዎን ስም ጎላ ባለ ፊደል ያሳትሙ፤ በካርዱ ጀርባ ደግሞ የውጭ አገር ስም በሚጻፍበት በካታካና ፊደል ያስጽፉት፤ በየትኛው ስም እንደሚጠሩ ሲተዋወቁ በአንደበትዎም ይንገሯቸው።

በዚሁ መንገድ ዱባይ ወይም ጅዳ ጎራ የሚሉ ከሆነ በቀኝ እጅዎ መስጠትና መቀበልዎን አይርሱ፤ በግራ ብቻ መስጠት ያስነውራል።

የካርድ መያዣ ሲገዙ መጠኑን ይለኩ። የጃፓን ካርድ በተለምዶ 91 በ55 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአውሮፓ ለተለመደው 85 በ55 በተሠራ መያዣ ውስጥ አይገባም። ስብሰባ ላይ የሚገኙት ወጣት ሠራተኞችም ጭምር እያንዳንዳቸው ካርድ ስለሚሰጡ፣ የእርስዎን በብዛት ይያዙ፤ ጠርዙ የተጨማደደ ካለም ከሆቴልዎ ሳይወጡ ለይተው ያስቀሩት።