በርኒ ሳንደርስና የጠመንጃ ቁጥጥር፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት ሴናተር ሳንደርስ በግራ ዘመምነቱ ነው የሚታወቀው። በጠመንጃ ጉዳይ ግን አቋሙ ይዋዥቃል የሚሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ክሱ በዋናነት የሚያርፈው ሁለት ድምፆች ላይ ነው። አንደኛው የ1993ቱ የብሬዲ ሕግ ነው። ሽጉጥ ገዢው ጀርባው እስኪጣራ 5 የሥራ ቀን እንዲጠብቅ ያስገድድ ነበር፤ ሳንደርስ ተቃወመው። ሁለተኛው የ2005ቱ የከለላ ሕግ ነው። በጠመንጃ ወንጀል ሲፈጸም ተጎጂዎች አምራቹንና ሻጩን እንዳይከሱ ይገድባል። ይህን ደገፈ፤ ተወካዮች ምክር ቤትም 283 ለ 144 አጸደቀው። በ2016፣ ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ለእጩነት ሲፎካከር ደግሞ ያንኑ ሕግ ይሻር ከሚሉት ጎን ቆመ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተገልብጧል ማለት አይደለም?

መልስ፦ በከለላው ሕግ አዎ፣ ተገልብጧል፤ ማለባበስ አያስፈልግም። ሲጠየቅ ሕጉ ውስጥ ጥሩ ነገሮችም ነበሩ ይል ነበር። ውሸት አይደለም፦ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ሲሸጥ የደህንነት ቁልፍ አብሮ እንዲሰጥ የሚያስገድደው አንቀጽ እዚያው ውስጥ አለ። ግን የሕጉ ዋና ዓላማ ከለላው ነበር፤ ለቁልፉ ብዬ ነው ማለት ብዙ አያስኬድም።

በከፊል አውቶማቲክ የጥቃት ጠመንጃዎች ላይ ግን አልተነቃነቀም። በ1988 ለምክር ቤት ሲወዳደር እገዳውን ደግፎ ነበር፤ ተሸነፈም። በ1994 እገዳው በ216 ለ 214 ሲያልፍ ከደጋፊዎቹ አንዱ እሱ ነው። በ2013ም ሴኔት ውስጥ በድጋሚ ደገፈ፤ ያኔ 40 ለ 60 ወደቀ። ችግሩ «የጠመንጃ ቁጥጥር»ን አንድ ጥያቄ አድርጎ መውሰድ ላይ ነው። ምን ዓይነት ይሸጥ፣ ለማን ይሸጥ፣ ገዢው ስንት ቀን ይጠብቅ፣ ጉዳት ሲደርስ ማን ይከሰስ፦ አራቱም ለየብቻ ነው የሚታዩት።

ጥያቄ፦ የጠመንጃ ማኅበሩ ኤንአርኤ አስመረጠው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ። በ1990 ተቀናቃኙ የነበረው ሪፐብሊካኑ ፒተር ስሚዝ ቀድሞ እቃወመዋለሁ ያለውን የጥቃት ጠመንጃ እገዳ ምክር ቤት ከገባ በኋላ ደገፈ። ማኅበሩ ተናደደና እሱን ለመጣል ቀሰቀሰ። ሳንደርስ ተጠቀመ እንጂ ማኅበሩ ወዶት አልነበረም። ቨርሞንት ደግሞ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ የማይጠየቅባት የአዳኞች ግዛት ናት፤ ይህን ሳያስቡ የብሬዲን ድምፅ መተርጎም አይቻልም። የሳንደርስ ወገን ያኔ ያቀረበው ምክንያትም የመጠበቂያው ጊዜ ለየግዛቱ ይተው የሚል ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ የአንድን ፖለቲከኛ ድምፅ ማጣራት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከንግግሩ ሳይሆን ከስም ጥሪው መዝገብ፣ ማለትም ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ በስም ከሚያሳየው። የተወካዮች ምክር ቤቱ ከ1990፣ የሴኔቱ ከ1989 ወዲህ ያለው በድረ ገጾቻቸው ላይ በነፃ ይገኛል። መጀመሪያ ድምፁ የተሰጠው በምን ላይ እንደሆነ ያንብቡ፦ በማሻሻያ ነው፣ በሥነ ሥርዓት ነው ወይስ በመጨረሻው ረቂቅ? ከዚያ ረቂቁ ምን ምን ጠቅልሎ እንደያዘ ይመልከቱ። የ1994ቱ እገዳ በመጨረሻ የወጣው ግዙፉ የወንጀል ሕግ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ያንን ሕግ የደገፈ ሁሉ እገዳውን ወዶ ነው ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ልንገርዎት። በ2013 የገዢን ጀርባ ማጣራትን ለማስፋት የቀረበው የሴናተሮቹ የማንቺንና ቱሚ ማሻሻያ 54 ለ 46 ድምፅ አገኘ። ያለፈ ይመስላል፤ ግን 60 ያስፈልገው ስለነበር ወደቀ። «አይደገፍም» ካሉት 46 አንዱ ደግሞ የዴሞክራቶቹ መሪ ሃሪ ሪድ ነው! ማሻሻያውን ይደግፍ ነበር። በሴኔቱ ደንብ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠ ስለሆነ ሆን ብሎ ነው የተቃወመው። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው «ተገለበጠ» ብሎ ይጽፋል።

ጥያቄ፦ በግልጽ የተገለበጠ ሰው ምሳሌ አለ?

መልስ፦ ክርስቲን ጂሊብራንድ። ከገጠር ኒው ዮርክ ተመርጣ ምክር ቤት ሳለች ኤንአርኤ ለፖለቲከኞች በሚሰጠው ውጤት «ኤ» ነበራት፤ በ2009 መላውን ግዛት ወክላ ሴኔት ስትገባ «ኤፍ» ሆነ። መቀየሯን ራሷም አልካደችም። የማኅበሩ ውጤት ለፍንጭ ይጠቅማል፣ ለማስረጃ ግን አይበቃም፤ የትኛው ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚወስነው ማኅበሩ ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ የ2005ቱ ሕግ አምራቾችን ጨርሶ አይነኬ አድርጓቸዋል?

መልስ፦ አላደረጋቸውም፤ ሕጉ የራሱ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ምርቱ ራሱ ጉድለት ካለበት፣ ወይም ሻጩ ለአደገኛ ሰው እያወቀ ከሰጠ መክሰስ ይቻላል። የሽያጭ ወይም የማስታወቂያ ሕግን አውቆ መጣስም በር ይከፍታል። በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት የተገደሉት ሰዎች ቤተሰቦች ጠመንጃ አምራቹን ሬሚንግተንን የከሰሱት በዚህ በመጨረሻው በኩል፣ በኮነቲከት የንግድ አሠራር ሕግ ነው፤ በ2022 በ73 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። የሜክሲኮ መንግሥት በሌላው ጠመንጃ አምራች በስሚዝና ዌሰን ላይ በተመሳሳይ በር ሞክሮ ነበር፤ በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ዘጋበት።