የጦጣዋ መዳፍና የእንጨቱ ፈረስ፦ የትኛዋ እናት ትወቀስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሁለት አጫጭር ልቦለዶች አወዳድሩ ብሏቸው እኔም አብሬያት አነበብኩ። አንዱ ደብልዩ ደብልዩ ጃኮብስ የጻፈው ሶስት ምኞት የምትሰጠዋ የጦጣ መዳፍ ታሪክ ነው፣ ሌላው የዲ ኤች ሎረንስ፣ የእንጨት ፈረስ እየጋለበ በፈረስ እሽቅድምድም የትኛው ፈረስ እንደሚያሸንፍ የሚያውቀው ልጅ። ልጄ "ሁለቱም ወላጆች ገንዘብ ወደው ልጃቸውን አጡ" ብላ ጨርሳዋለች። እኔ ግን የመዳፏን እናት ከሌላኛዋ ጋር አንድ ላይ መውቀስ አልዋጥልኝ አለ። ተሳስቼ ይሆን?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ኧረ አልተሳሳቱም። መጀመሪያ ገንዘቡን እንየው። ጃኮብስ ጋ (እ.ኤ.አ. በ1902 ነው የወጣው) አባትየው ሚስተር ዋይት መዳፏን ይዘው ምን እንደሚመኙ ራሱ ጠፍቷቸው የምፈልገው ሁሉ ያለኝ ይመስለኛል ነው የሚሉት፣ ለቤቱ ዕዳ መዝጊያ 200 ፓውንድ ተመኝ የሚላቸው ልጃቸው ኸርበርት ነው፣ ያውም እየቀለደ። በማግስቱ ልጁን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይዞት ይሞትና ለካሳ ተብሎ የሚመጣው ብር ልክ 200 ፓውንድ ይሆናል። ይሄ ስግብግብነት ከተባለ የኮንዶሚኒየም ዕዳ ያለብን ሁላችንም ስግብግብ ነና!

የሎረንሱ (1926) ሌላ ነው። እዛ ቤት በቃኝ የሚባል ቁጥር የለም። ቤቱ ራሱ ተጨማሪ ገንዘብ ያስፈልጋል እያለ ያንሾካሹካል፣ ልጆቹ ይሰሙታል፣ ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም። እናትየው ሄስተር ለትንሹ ፖል አባትህ ዕድል የለውም እኔም የለኝም ስትለው ልጁ እኔ ግን አለኝ ብሎ ይነሳል፣ ከዛ የእንጨት ፈረሱን እንዳበደ እየጋለበ የአሸናፊውን ስም ያመጣል፣ ከአትክልተኛው ከባሴትና ከአጎቱ ከኦስካር ጋር ሆኖ ይወራረዳል። ለእናቱ በድብቅ በጠበቃ በኩል 5,000 ፓውንድ ያስቀምጥላታል፣ በየልደቷ 1,000 እንዲደርሳት። እሷ ምን አደረገች? ጠበቃው ጋ ሄዳ ሁሉንም ባንዴ ስጡኝ አለች። አሁንስ ድምፁ ዝም ይላል ሲባል ጭራሽ ባሰበት። ለኔ ሙሉ ታሪኩ እዚች ጋ ነው ያለው፣ ልጁ ምንም ቢያመጣ የማይሞላ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚጨምረው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ፣ ልጅዎ ያለፈችው ይሄን ይመስለኛል። በመዳፏ ታሪክ የሚፈራው አባትየው ነው። ከቀብሩ ሳምንት ገደማ በኋላ እናትየው ሌሊት ብድግ ብላ ልጄን መልስልኝ፣ ተመኝ ትለዋለች፣ እሱ ደሞ ሬሳውን አይቶታል፣ በልብሱ ብቻ ነው የለየው፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይመኛል። በሩ ሲንኳኳ እሷ ወንበር ላይ ወጥታ ከመቀርቀሪያው ጋ ስትታገል እሱ ወለሉን እየዳበሰ መዳፏን ያገኝና የመጨረሻውን ምኞት ይመኛል፣ ስትከፍተው ውጪ ማንም የለም። ሴትየዋን እንደዛ ያደረጋት ሀዘን ነው፣ ከጎኗም ፈርቶ የሚያስቆማት ሰው አለ።

ፖል ጋ የሚያስቆም ጠፋ። አጎቱና አትክልተኛው ይገረማሉ፣ ግን ይወራረዳሉ፣ ከአንድ ሕፃን አፍ በሚወጣ ስም ኪሳቸው ይሞላል። (እኔ አጎትየውን ነው ከሁሉም በላይ የማልወደው።) ትልልቆቹ ሊሸከሙት የሚገባው ፍርሃት በሙሉ ልጁ ላይ ወደቀ። ሄስተርም ብትሆን ድንጋይ አይደለችም፣ ደርቢ ከሚባለው ትልቅ የፈረስ ውድድር ሁለት ሌሊት በፊት ግብዣ ላይ እያለች ስለ ልጇ ጭንቅ ይላታል፣ ቤት ገብታ በሩን ስትከፍት ፈረሱ ላይ ሆኖ "ማላባር!" እያለ ሲጮህ ታየዋለች፣ ወዲያው ይወድቃል። ማላባር አሸነፈ፣ ከ80,000 ፓውንድ በላይ ተገኘ፣ ልጁ ሞተ።

ስለዚ ልጅዎ "ማን ገንዘብ ወደደ" የሚለውን ትታ "ማን ፈራ፣ ማንስ አስቆመ" ብላ ብትጀምረው ይሻላታል። አስተማሪዋ፣ ታዲያ አባትየው እናትን ከልጇ መለየቱ ልክ ነበር ወይ ብሎ ሊያፋጥጣት ይችላል፣ እሱ ላይ ጃኮብስ በር ላይ የቆመው ምን እንደነበር አንዴም ስላላሳየን የፈለገችውን ወገን ይዛ መከራከር ትችላለች፣ ሁለቱን እናቶች ብቻ በአንድ ዐረፍተ ነገር አትክሰሳቸው።