የፈነዳ አኒዩሪዝም ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ማገገምን የሚወስነው ምንድን ነው?

እህቴ፣ ጥያቄዎን አነበብሁት። የእናትዎ አንጎል ውስጥ የነበረው አኒዩሪዝም (ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ያበጠ የደም ስር ክፍል) ከፈነዳ ሰባተኛ ቀኑ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል ተብሎ ትናንት ሲያነጋግሩዎት የነበሩት እናትዎ ዛሬ ቃል እየጠፋባቸውና ግራ እየተጋቡ ነው። «ታዲያ ምኑ ተሳካ?» ማለትዎ ተገቢ ነው። በአንጎል ቀዶ ሕክምና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ለዓመታት በነርስነት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርዎ።

ከሁሉ በፊት ግን ይህንን ለውጥ አሁኑኑ ለተረኛው ሐኪም ይንገሩ። «ደክሟቸው ነው» ቢባሉም ደግመው ይጠይቁ። ትናንት ምን ይችሉ እንደነበር ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ቀዶ ሕክምናው የፈነዳውን ቦታ ዘግቶ ዳግም እንዳይደማ አድርጓል። ዳግም መድማት በተለይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት እጅግ ስለሚያሰጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ የፈሰሰው ደም ግን አሁንም አንጎሉን ከቦታል። ይህ ደም ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ቀን አንሥቶ እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ደም ስሮቹ እንዲኮማተሩ ያደርጋል፤ አንዳንዱ የአንጎል ክፍልም በቂ ደም ያጣል። ቀኑ የሚቆጠረው ከቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ደሙ ከፈሰሰበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እናትዎ አሁን ያሉት በዋናው የስጋት ወቅት ላይ ነው። በመጀመሪያው ሲቲ ስካን ላይ የታየው ደም በበዛ ቁጥር ስጋቱም ይጨምራል። ኒሞዲፒን የሚባለው መድኃኒት ሌሊትም ሳይቀር በየ4 ሰዓቱ፣ በተለምዶ ለ21 ቀናት የሚሰጠውም በዚህ መኮማተር ከሚመጣው ጉዳት ለመጠበቅ ነው።

ምክንያቱ ሌላም ሊሆን ይችላል። በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም፣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲቀንስ፣ ሳንባ ምች ወይም ትኩሳት ሲመጣ በሽተኛው እንዲሁ ይፈዝዛል። ለእነዚህ ሁሉ ሕክምና አለ፤ ፈሳሹ በቱቦ ወጥቶለት በማግስቱ ቤተሰቡን በስም የጠራ ሰው አይቻለሁ። ተስፋ አይቁረጡ የምለውም ለማጽናናት ብቻ አይደለም።

በረጅሙ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን በሽተኛው ሆስፒታል ሲደርስ የነበረው ሁኔታ ነው። ነቅቶ፣ ራስ ምታት ብቻ ይዞት የመጣና ራሱን ስቶ የመጣ ሰው መነሻቸው እጅግ ይለያያል። ሐኪሞች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የሃንት እና ሄስ መለኪያ ከ1 (ቀላሉ) እስከ 5 (ከባዱ) ደረጃ ይሰጡታል። ዕድሜም ይከብዳል።

«በክሊፕ (የራስ ቅል ተከፍቶ በሚገባ ትንሽ መቆንጠጫ) ከሚዘጋ በኮይል (በደም ስር በኩል ገብቶ አኒዩሪዝሙን በሚሞላ ቀጭን ጥቅል ሽቦ) ቢሆን ይሻል ነበር?» ላሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውና 2143 ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ የኮይሉን ውጤት የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ሆኖም የተነጻጸሩት በአብዛኛው ለሁለቱም የሚመቹ ሰዎች ነበሩ። የአኒዩሪዝሙ ቅርጽና ቦታ ክሊፕን የሚያስመርጥበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ በዚህ አይጸጸቱ።

ሐኪሙን ሲያገኙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ሲገቡ ደረጃቸው ስንት ነበር፣ የዛሬው ሶዲየም ስንት ነው፣ የደም ስሮቹ መኮማተርስ ዛሬ ተመርምሯል ወይ? መልሱን እዚህ ከጻፉልኝ አብረን እናየዋለን።